የቀድሞ ወታደሮች ለአእምሮ ጤና የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ያላቸው አመለካከት

መግቢያ

ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ቁስሉ ሁሉ በዓይን የሚታይ እንዳልሆነ የጤና ባለሙያዎች ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ይገነዘባሉ። ይሁን እንጂ ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ መታወክ ራሱን የቻለ ስያሜ አግኝቶ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መምሪያ ውስጥ የሰፈረው በ1980፣ የቬትናም ጦርነት ባበቃ በአምስተኛው ዓመት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሕመሙ በተለመደው ምኅጻረ ቃል ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. እየተባለ ይጠራል፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያለፈው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ ተመልሶ መምጣቱ፣ ትዝታውን ከሚቀሰቅሱ ቦታዎችና ሰዎች መሸሽ፣ የስሜት መደንዘዝ፣ በትንሽ ድምፅ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ከዋና ዋና ምልክቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ።

ለዚህ ሕመም ውጤታማነታቸው የተረጋገጠ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። ትልቁ ችግር ታካሚው ወደ ሕክምናው አለመምጣቱ ነው። ሆግና ባልደረቦቹ በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ከዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች መካከል የአእምሮ ሕመም ምልክት የታየባቸው ሆነው እርዳታ የጠየቁት ከ23 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት ብቻ እንደነበሩ ገልጸዋል። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ 65 በመቶው «እንደ ደካማ እቆጠራለሁ»፣ 63 በመቶው ደግሞ «አለቆቼ በሌላ ዓይን ያዩኛል» የሚል ሥጋት እንዳደረባቸው ተናግረዋል። ሥጋቱ የበረታውም ሕክምናው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ላይ ነበር። በዚያችው አገር በ2022 ብቻ 6,407 የቀድሞ የሠራዊት አባላት ራሳቸውን ማጥፋታቸው በመንግሥት ሪፖርት ተመዝግቧል።

የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች ወደዚህ መስክ የገቡት ይህንን ክፍተት ለማጥበብ ታስቦ ነው። ሐኪም ፊት መቅረብ የሚያሳፍረው ሰው ስልኩን ከኪሱ ለማውጣት አያፍርም የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው ምን ያህል እንደሠመረ ለማወቅ ከመተግበሪያው ይልቅ የተጠቃሚውን አመለካከት መመርመር ይበጃል። ይህ ጽሑፍ በዋነኛነት የአሜሪካን ልምድ የሚመለከተው በዚህ ረገድ ረዘም ያለና በጥናት የታገዘ ተሞክሮ የሚገኘው በዚያ በመሆኑ ነው።

መተግበሪያው ምን ይሠራል?

በዘርፉ ፈር ቀዳጅ የሆነው በ2011 የወጣው «ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ኮች» ነው። ያዘጋጁት በአሜሪካ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር የሚገኘው ብሔራዊ የፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ማዕከልና የአገሪቱ መከላከያ ሚኒስቴር በጋራ ነበሩ። ክፍያ የለውም፤ ስምም ሆነ የአገልግሎት ቁጥር አይጠይቅም። ተጠቃሚው ስለ ሕመሙ የሚያነብበት፣ ምልክቶቹን በመጠይቅ እየለካ ለውጡን የሚከታተልበት፣ ጭንቀት ሲነሣበት ወዲያውኑ የሚገለገልባቸው ልምምዶች የሚገኙበትና የእርዳታ አድራሻዎች የተቀመጡበት ክፍሎች አሉት። ለምሳሌ በገበያ ግርግር መካከል ልቡ የሚመታበት ሰው በዚያች ቅጽበት የጭንቀቱን መጠን ከ0 እስከ 10 ይመዘግባል፤ መተግበሪያው አንድ የአተነፋፈስ ወይም አሳብን ወደ አካባቢ የመመለስ ልምምድ ያቀርብለታል፤ ልምምዱን ሲጨርስ ጭንቀቱን እንደገና ይለካል።

ስያሜው ራሱ የታሰበበት ይመስለኛል። «ኮች» ማለት አሠልጣኝ ነው፤ ለወታደር አሠልጣኝ ዘንድ መቅረብ ሐኪም ዘንድ እንደ መቅረብ አያሳፍርም። በአንጻሩ የሕመሙ ስም በስልኩ ገጽ ላይ ተጽፎ መታየቱን የማይወድ ተጠቃሚ ቢኖር አያስደንቅም። ስልክን ከጎን የሚያይ ዓይን በየአውቶቡሱ አለ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው መሥሪያ ቤት ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለአልኮል መጠጥ ችግር፣ ለአእምሮ እርጋታ ልምምድና ለሌሎችም ጉዳዮች የሚያገለግሉ በርካታ መተግበሪያዎችን አዘጋጅቷል። «ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ኮች» ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች ተጠቃሚዎች ያሉት ሲሆን፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ስዊድንን የመሳሰሉ አገሮችም ለራሳቸው እንዲስማማ አድርገው አዘጋጅተውታል።

የቀድሞ ወታደሮች ምን ይላሉ?

በቃለ መጠይቅና በመጠይቅ በተካሄዱ ጥናቶች ላይ የተሳተፉ የቀድሞ ወታደሮች በአብዛኛው መተግበሪያን ለመሞከር ፈቃደኞች ናቸው። ምክንያቶቻቸውም በቀላሉ የሚገመቱ ናቸው፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቅዠት የባነነ ሰው ክሊኒክ እስኪከፈት ሊጠብቅ አይችልም፤ ስልኩ ግን ከራስጌው ነው። በገጠር የሚኖረው ሐኪም ለማግኘት ረጅም መንገድ መጓዝ አለበት። ሥራ ላይ ያለው ደግሞ በየሳምንቱ ፈቃድ ሲጠይቅ ምክንያቱን መናገር ይቸግረዋል። ከሁሉም በላይ ሌላ ሰው ሳያየው ችግሩን ራሱ በራሱ መለካት መቻሉ ደስ ያሰኘዋል። በውትድርና ሕይወት ችግርን በራስ መወጣት የሚከበር ጠባይ በመሆኑ፣ መተግበሪያው ከዚህ ጠባይ ጋር ሳይጋጭ የሚቀርብ እርዳታ ነው።

ይሁን እንጂ መሞከርና መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተጠቃሚው ወደ ኋላ የሚልባቸው ምክንያቶች ሲመረመሩ ከቴክኖሎጂው ይልቅ ከእምነት ጋር የተያያዙ ሆነው ይገኛሉ።

የመጀመሪያው «የምጽፈውን ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የጤና ባለሙያ ይህንን ጥያቄ የሕመሙ አንድ ምልክት፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ጥርጣሬ አድርጎ ለመውሰድ ይቃጣል። ነገር ግን የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጥርጣሬ ታሪክ አለው። በግንቦት 2006 ከአንድ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቤት በተሰረቀ ኮምፒዩተርና መረጃ ማከማቻ ውስጥ የ26.5 ሚሊዮን ያህል የቀድሞና በአገልግሎት ላይ ያሉ ወታደሮች የግል መረጃ ነበር። ዕቃው ከሳምንታት በኋላ ቢገኝም፣ መሥሪያ ቤቱ በ2009 የ20 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማምቷል። በጥር 2018 ደግሞ ስትራቫ የተባለው የሩጫና የብስክሌት መተግበሪያ ያወጣው የዓለም ካርታ፣ ወታደሮች በጦር ሰፈሮቻቸው ውስጥ የሚሮጡባቸውን መስመሮች እያጎላ ማሳየቱ ታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መከላከያ ሚኒስቴሩ በግዳጅ ቀጣና ውስጥ ቦታን የሚጠቁሙ መሣሪያዎችን አገልግሎት ከለከለ። ስልክ ሊያስገድል እንደሚችል በትእዛዝ የተነገረውን ሰው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ «የሌሊት ቅዠትህን በስልክህ መዝግብ» ስንለው ቢያመነታ ሊገርመን አይገባም።

በንግድ ኩባንያዎች የሚዘጋጁ አገልግሎቶችም ጥርጣሬውን የሚያበርድ ነገር አላደረጉም። በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለው የመስመር ላይ የምክር አገልግሎት ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና ነክ መረጃ ለፌስቡክ፣ ለስናፕቻትና ለሌሎች ለማስታወቂያ ሥራ አሳልፎ ሰጥቷል በማለት 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ስለዚህ «መተግበሪያ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በእጅጉ የተለያዩ መሆናቸውን ለታካሚ ማስረዳት ያስፈልጋል። «ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ኮች» ተጠቃሚው የሚጽፈውን የሚያስቀምጠው በራሱ ስልክ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ እንዲህ አይደሉም።

ከመረጃው ምስጢራዊነት ጀርባ ሌላ ፍርሃት አለ። ወታደሩ ወይም የቀድሞው ወታደር የሚጽፈው ነገር ተመልሶ በራሱ ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ይሠጋል። በአገልግሎት ላይ ያለው ለማዕረጉና ለግዳጁ፣ ከአገልግሎት የወጣው ለአካል ጉዳት አበሉ ያስባል። በዚህ ሳምንት የተሻለ ነጥብ ቢመዘግብ «ድኗል» ተብሎ አበሉ ይቀነስብኛል የሚል ሰው ነጥቡን በትክክል አይሞላም። ይህንን ውሸት ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ለሕክምናው አስፈላጊ መረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ። ቁጥሩን ለማን እየጻፈ እንደሆነ የማያውቅ ታካሚ የሚሰጠን ቁጥር ለምርመራ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ሥጋት «ስልኩን ሰጥተው ሊገላገሉኝ ነው» የሚለው ነው። በቅርቡ ወረፋ የበዛበት ክሊኒክ ውስጥ የቆየ ሰው መተግበሪያ ሲታዘዝለት እንደ መሸኛ ሊቆጥረው ይችላል። በዚህ ነጥብ ላይ ወጣቱም አዛውንቱም፣ የከተማውም የገጠሩም ተቀራራቢ አመለካከት አላቸው፤ መተግበሪያውን የሚፈልጉት ከሰው ጋር ከሚደረግ ሕክምና በተጨማሪ እንጂ በምትኩ አይደለም። በጦር ሜዳ ጓዱን ያጣ ሰው ከማሽን ጋር ብቻ ተነጋገር መባሉ የሚሰጠውን ስሜት ለመረዳት ብዙ ምርምር አያሻም።

ዕድሜን በተመለከተ የሚታየው ልዩነት በዋናነት በችሎታና በልምድ ላይ ነው። የቬትናም ዘመን ወታደሮች ዛሬ በአብዛኛው ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። የዓይን መድከምና የመስማት ችግር (የጆሮ ጩኸት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ከአገልግሎት ጋር ተያይዞ አበል ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው) በትንሽ ገጽ ላይ የተጻፈን ማንበብና የተቀረጸ ድምፅን መከተል ያስቸግራቸዋል። በፍንዳታ ምክንያት የጭንቅላት ጉዳት የደረሰበት ወጣት ደግሞ ስልኩን አሳምሮ ቢያውቅም ልምምዱን ይረሳዋል። «አልፈልግም» የሚለው መልስ አንዳንድ ጊዜ «አልችልም፣ ግን ማለት ያሳፍረኛል» ማለት ነው። አሥር ደቂቃ ወስዶ አብሮ መክፈትና አንዱን ልምምድ አብሮ መሥራት ብዙውን ጊዜ ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ ነው?

መተግበሪያን ማውረድ መጠቀም አይደለም። ባውመልና ባልደረቦቹ በ2019 ለሕዝብ የቀረቡ የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎችን አጠቃቀም መርምረው፣ ከ30 ቀን በኋላ መተግበሪያውን የሚከፍቱት በአማካይ (በሚዲያን) 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይተዋል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሰው አውርዶታል» የሚለው አኃዝ ለሕክምና ውሳኔ ብዙ አይረዳም።

በ«ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ኮች» ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥንቃቄ የሚሻ ምስል ይሰጣሉ። በ2014 በታተመ የመጀመሪያ ግምገማ፣ በሕክምና ላይ የነበሩ 45 የቀድሞ ወታደሮች ሞክረውት አብዛኛዎቹ እንደረኩበትና እንደጠቀማቸው ገልጸዋል። በ2017 በታተመና 120 ተሳታፊዎች በዕጣ በተመደቡበት ጥናት፣ መተግበሪያውን ለሦስት ወር የተጠቀሙት ከተጠባባቂዎቹ የበለጠ መሻሻል ቢያሳዩም፣ በጥናቱ መጨረሻ ላይ በሁለቱ ቡድኖች አማካይ ነጥብ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የስዊድኑ ቅጂ በ2022 በ179 ሰዎች ላይ ተፈትኖ መጠነኛ ጥቅም አስመዝግቧል። የኋለኞቹ ሁለት ጥናቶች ተሳታፊዎች ከጠቅላላው ኅብረተሰብ የተውጣጡ ስለነበሩ ውጤቱን በቀጥታ ለቀድሞ ወታደሮች ማዋል አይቻልም።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው የፖሴማቶና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። በ2016 ባሳተሙት አነስተኛ ጥናት በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ የነበሩ 20 የቀድሞ ወታደሮችን በሁለት ከፍለው፣ አሥሩ መተግበሪያውን ብቻቸውን፣ አሥሩ ደግሞ ከጤና ባለሙያ ጋር በአራት አጫጭር ቀጠሮዎች እየተገናኙ እንዲጠቀሙበት አደረጉ። ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ብቻቸውን ከተጠቀሙት 3፣ በባለሙያ ከታገዙት 7 ነበሩ። ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ሊባልበት አይገባም፤ በ2023 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናታቸውም በሐኪም በተለካ የሕመም መጠን ረገድ ከተለመደው ሕክምና የተለየ ውጤት አላሳየም፤ ታካሚዎቹ ግን በሕክምናው ይበልጥ ረክተዋል። መተግበሪያው በሽታውን ከሥሩ እንደሚነቅል የሚናገር ሰው ካለ ማስረጃው ከዚህ ያንሳል። ለሕክምና በር የሚከፍት መሣሪያ ነው የሚል ግን ተገቢ ድጋፍ ያገኛል።

ራስን የማጥፋት አሳብን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። «ቨርቹዋል ሆፕ ቦክስ» የተባለው መተግበሪያ ታካሚው የልጆቹን ፎቶግራፍ፣ የሚወደውን ዜማና የሚያጽናኑትን ቃላት በስልኩ የሚያኖርበት ነው። በ2017 በታተመ ጥናት 118 የቀድሞ ወታደሮች ተሳትፈው፣ የተጠቀሙት ክፉ ስሜትን ለመቋቋም ያላቸው በራስ መተማመን ጨምሯል፤ በሌሎቹ መለኪያዎች ግን ልዩነት አልታየም። በመሆኑም ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ሰው በመተግበሪያ አስታጥቆ ወደ ቤቱ መሸኘት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

ለእኛ ሥራ ያለው ትርጉም

በአሜሪካ የሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቻችን ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሆኑትን ጨምሮ የአገሪቱን የቀድሞ ወታደሮች በየዕለቱ ያክማሉ፤ ከላይ የተነገረው በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በአገራችንም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ1991 የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን፣ ከ2000 በኋላም ከኤርትራው ጦርነት ማግሥት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደ ሲቪል ሕይወት ተመልሰዋል። ከኅዳር 2022ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህም የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ ዕቅድ ይዞ በ2024 መጨረሻ ሥራ ጀምሯል። እነዚህ ሰዎች የሚመጡት ወደ ሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ያውም «ጨጓራዬን»፣ «ራሴን»፣ «እንቅልፍ» እያሉ ነው።

በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ያየሁት አንድ የቀድሞ ወታደር ትዝ ይለኛል። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። እንቅልፋቸውንና ቅዠታቸውን በየጠዋቱ በስልካቸው እንዲመዘግቡ ነገርኳቸው፤ «እሺ ዶክተር» ብለው ሄዱ። በቀጠሯቸው ቀን አንድም ነገር አልመዘገቡም። ሰነፉ ብዬ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ነው ስልኩን ቀን ቀን ልጃቸው ለትምህርቷ እንደምትይዘው፣ ማታም የቤቱ ሁሉ እንደሆነ የነገሩኝ። «ልጄ አባቷ ሌሊት የሚያየውን እንድታነብ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስልክ አለዎት ወይ ብዬ ጠይቄ፣ የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ቁጥር ብቻ፣ ከ0 እስከ 10፣ በኪስ ደብተር ላይ ያለ ምንም ቃል እንዲጽፉ ተስማማን፤ እስከ መጨረሻው ጻፉ።

የአሜሪካ ጥናቶች ስልክ የግል ዕቃ መሆኑን እንደ ቀላል ነገር አድርገው ይነሣሉ። በእኛ ዘንድ ስልክ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ነው፤ የይለፍ ቃል ማኖርም ከትዳር ጓደኛ ጋር ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ መተግበሪያ ከማዘዝ በፊት ስልኩን ማን እንደሚይዘው፣ ታካሚው በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንደሚቀለው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደሆነና የሚጽፈው ነገር ከስልኩ ይወጣ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ባለሙያው ራሱ ሳይሞክረው ለታካሚ ባያዝ ይመረጣል፤ አንድ ምሽት ይበቃል።

አንድ ጉዳይ በተለይ ሊዘነጋ አይገባም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ያዘጋጃቸው መተግበሪያዎች በእርዳታ ክፍላቸው ውስጥ የሚጠቁሙት የዚያን አገር አገልግሎት ነው። ከ2022 ጀምሮ በዚያ የሚገኝ የቀድሞ ወታደር 988 ደውሎ 1ን ሲጫን ቀን ከሌት ምላሽ የሚሰጠው የሠለጠነ ሰው ያገኛል። ይህንኑ መተግበሪያ በአዲስ አበባ ወይም በደሴ አውርዶ በጭንቅ ሰዓቱ ያንን ቁጥር የሚጫን ሰው ግን ማንንም አያገኝም። «ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ኮች» ተጠቃሚው የራሱን ሰዎች ስልክ ቁጥር እንዲጨምርበት ይፈቅዳል። መተግበሪያውን የሚያዝ ባለሙያ ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ሌሊትም ቢሆን ስልክ የሚያነሣ ዘመድ ወይም የጦር ጓድ፣ እንዲሁም በአቅራቢያው ያለ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ቁጥር አብሮ ማስገባትና አንድ ጊዜ አስደውሎ መሞከር ይኖርበታል።